እራት ምን ትበላላችሁ ላልሽው

እንጅባራ
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለስሜነሽ፣ ለልጆቼ እናት፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያምሽ ወገብሽስ የቤይሩትን ደረጃ ቻለው ወይ? እኛ ነነዌን ጾመን ትናንት ጨረስን። እኔም ሜላትም ሀይማኖትም ቆመን እንሄዳለን፤ ክብሩ ይስፋ።

የመስቀል ማግስት ስትደውይ የመጨረሻው ጥያቄሽ «ማታ ማታ እራት ምን ትበላላችሁ?» የሚል ነበር። «ድንች» ስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ሰምተሽኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ይኸው አምስት ወር ሊሞላ ነው፤ ስልክሽ አይጠራም። ለልጆቹ ኔትወርክ ነው እላቸዋለሁ። ስልኩን ወስደውብሽ ይሆናል፣ ቤት ቀይረሽ ይሆናል፣ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ከዚያ የከፋውን ማሰብ ስጀምር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል፤ ስለዚህ አላስብም። ጥያቄሽን ግን ሳልመልስ መቅረት የለብኝም ብዬ ወረቀት አነሳሁ። ሌላም አለ። ሜላት አንቺ ወዳለሽበት ልትሄድ እየተሰናዳች ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ነገሩ ቤታችን የገባው በእራት በኩል ስለሆነ ከዚያው ብጀምርልሽ ይሻላል።

አንቺ በሄድሽ ሰሞን ወጥ ቤት የገባሁ ለታ የሆነውን አልነገርኩሽም። መኮረኒ ቀቀልኩ። ሀይማኖት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማንኪያዋን ብታነሳው ሳህኑ አብሮ ተነሳ። ሜላት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ውጭ ወጣች። በኋላ ግን ተማርኩ። የስፌት ሱቄን የምዘጋው አስራ ሁለት ተኩል ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሲበዛ ደግሞ አንድ ሰዓት። ልጆቹ እስከዚያ ይርባቸዋል። ስለዚህ ከሃያ ደቂቃ በላይ እሳት ላይ የሚቆይ ነገር ከቤታችን ወጣ።

ዋናው ድንች ነው። እናትሽ እማማ ወርቅአየሁ ከአዘና በማዳበሪያ ይልኩልናል። ቀጠን አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ለዚህስ እጄ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጭን ድንች ቶሎ ይበስላል። ሽንኩርቱ ዘይት እንደነካው ድንቹ ይከተላል፤ በርበሬ በማንኪያ ጫፍ፣ ውሃ ሁለት ጣት፣ ከዚያ መክደን ነው። ፍስክ ከሆነ ሊወጣ ሲል ሁለት እንቁላል እመታበታለሁ። ረቡዕና አርብ በእንቁላሉ ፋንታ ቲማቲም፤ ቲማቲም ከሌለ ቃሪያ፤ ቃሪያም ከሌለ ጨውና ጸሎት። ልብሴ ላይ የተጣበቀውን ክር ለቅሜ፣ እጄን ታጥቤ ስመጣ ደርሶ አገኘዋለሁ።

ሽሮ ደግሞ እንዳንቺ እያማሰልኩ የምቆምበት ጊዜ የለኝም። ዱቄቱን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ከትቼ ለሀይማኖት እሰጣታለሁ፤ እየዘለለች ትንጠዋለች፤ አይጓጉልም። የተረፈው በማግስቱ እንጀራ ይፈረፈርበታል፤ ከዚያም ከተረፈ ሩዝ ላይ ይፈስሳል። አንዱ ሽሮ ስሙን እየቀያየረ ሦስት ቀን ያበላናል። እንጀራውን ከጎረቤታችን ከሽባባው ቤት እንገዛለን። ይህን ሁሉ የማወራው ትንሽ እንድትስቂ ነው፤ ደግሞም እንዳልተራብን እንድታውቂ።

በኅዳር ወር ሜላት «አባየ፣ ከዛሬ ወዲያ እራቱን ለኔ ተወው» አለችኝ። አደገችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አሁን ያ ደስታዬ ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሩዝ በምስር ሠራች፤ ላዩ ላይ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት። በርበሬ የሚባል የለበትም። ጣፋጭ ነበር፤ ሁለቴ አስጨመርኩ። በሚቀጥለው ቀን ድንቹን እንደ ስኳር አራት ማዕዘን ቆራርጣ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አቀረበችልን። ሀይማኖት ቀመሰችና «በርበሬውስ?» አለቻት።

«በርበሬ አይወዱም» አለች ሜላት።

«እነማን?»

«ሰዎች።»

እኔ ያኔ እየበላሁ ነበር፤ ብዙም አላዳመጥኩም። ቀጥሎ የመጣው የስልኩ ደወል ነው። ድስቱን ስትጥድ ስልኳን ሃያ ደቂቃ ላይ ትሞላዋለች። ደወሉ ጮኾ ሳህኑ ካልቀረበ ፊቷ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን አለቀሰች። «የኔ ልጅ፣ ማን ያባርርሻል? ሩዙ ቢዘገይ እኛ የት እንሄዳለን?» ስላት «መልመድ አለብኝ» ብቻ አለችኝ። የአስረኛ ክፍል ፈተና ስላለባት ጊዜ መቆጠብ ትለምድ ይሆናል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ።

ከገና በኋላ ከኛ ጋር መቀመጥ ተወች። ምግቡን ታቀርብና በሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ትቆማለች፤ ዓይኗ ሳህናችን ላይ ነው። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳልውጥ ሳህኑን ታነሳዋለች። እሷ ከኛ በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ትበላለች። «ነይ ቁጭ በይ» ስላት «ቆሜ ይሻለኛል» ትላለች። አንድ ማታ ሀይማኖት ለቀልድ እጇን ዘርግታ «ውሃ አምጪ» አለቻት። ሜላት አንገቷን ሰበር አድርጋ «እሺ ማዳም» ስትላት ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የጥር ጊዮርጊስ የፈረስ በዓል ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን ያንቺን ጉዞ ያሰናዳችው የዳንግላዋ ሙሉነሽ ሱቄ መጣች። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ቀሚሷን እንዳሳጥርላት ሰጠችኝ።

«ስለ ስሜነሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

እኔን ትታ ካውያውን እያየች «ቤት ሳትቀይር አትቀርም» አለች። ቀጥላም «ሜላት እንዴት አድጋለች፤ ዕድሜዋ ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«አስራ ሰባት።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ በመታወቂያዋ ማለቴ ነው።»

«ተማሪ ናት፤ መታወቂያ ምን ያደርግላታል?» ስላት «እንዲያው ነው» ብላኝ ወጣች። ቀሚሷን ልትወስድ አልተመለሰችም፤ እዚሁ ፊቴ ተሰቅሏል።

መንግሥት ጉዞውን ካገደ ከጥቅምት ወዲህ የሚሄዱት በመተማ በኩል ነው። የሽባባው ልጅ በዚያ በኩል ሄዳ፣ ሱዳን ገባሁ ብላ አንዴ ደወለች። ከዚያ በኋላ ድምጿ የለም። እንጀራ ልገዛ ስሄድ ሽባባው ስልኩን በእጁ ይዞ ደጅ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ስለ ልጁ አልጠይቀውም፤ እሱም ስላንቺ አይጠይቀኝም።

ማክሰኞ ዕለት የሜላት ጥቁር ጉርድ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ነበር። ነፋሱ ሲገለብጠው ከወገቡ ውስጥ በኩል ኪስ አየሁ። አራት ጣት ስፋት፣ ስፌቱ ሁለቴ የተደገመ፣ አፉ በክዳን የሚዘጋ። ይህን ኪስ አውቀዋለሁ ስሜነሽ። በግንቦት 2003 ልትሄጂ ስትይ ለፓስፖርትሽ የሰፋሁልሽ እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለማንም ሰፍቼ አላውቅም። ሜላት ያኔ አስራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጨርቁን ወጥራ የያዘችልኝ እሷ ናት። አይታ ነው የተማረችው። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ከኔ አይተናነስም። ጉርዱን ይዤ ግቢው መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ትናንት ማታ ለጾሙ መጨረሻ እራት ያንኑ ሩዝና ምስር አቅርባ በሩ ጋ ቆመች። አልበላሁም። ጉርዱን አውጥቼ «ይህ ኪስ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«አባየ፣ እማየ ለምን አትደውልም?» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነው።»

«አምስት ወር ሙሉ ኔትወርክ?» አለች። «አንተ መጠበቅ ትችላለህ። እኔ አልችልም። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከሰው ጋር የላከችው ፎቶ ላይ አለ። በሩ ሰማያዊ ነው። እዚያ ሰፈር ሥራ ከያዝኩ አገኛታለሁ።»

በዚያ ከተማ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ስንት ይሆን? ይህን ብዬ ልጮህባት ነበር፤ ተውኩት። ልጄ ሦስት ወር ሙሉ የዐረብ ቤት ገረድ መሆን ስትለማመድ፣ ተቀምጬ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ምላጩን አንስቼ ኪሱን ፊቷ ተረተርኩት። አላለቀሰችም። ሳህኖቹን አንስታ ወጣች።

ቅዳሜ አዘና ወስጄ እናትሽ ዘንድ አስቀምጣታለሁ። የያዝኩት የዩኒፎርም ሥራ ነገ ስለሚያልቅ ነው እስከ ቅዳሜ ያልኩት። ዛሬ ጧት ላንቺ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት «ደብዳቤውን ለኔ ስጠኝ፤ የሚያደርስ ሰው አለ» አለችኝ። «ማን?» ብላት ድስቱን ማየት ጀመረች። አልሰጣትም። ለሚኒባስ ሾፌሩ ለክንዴ እሰጠዋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቱ ወደ ቤይሩት የምትመለስ ጓደኛ አለቻት። እንደ ደረሰሽ ከማንም ስልክ ለምነሽ ደውይላት። «ደህና ነኝ፣ አትምጪ» በያት። ካንቺ አፍ ካልሰማች የኔን አታምንም።

አርብ፣ የካቲት 7፣ ጧት

ይህን የምጽፈው መናኸሪያ ሆኜ፣ የክንዴ ሚኒባስ እስኪሞላ ነው።

ትናንት አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ እራት ቀርቦ ነበር። ድንች ነው፤ በርበሬ ያለው፣ እንቁላል የተመታበት፣ እኔ እንደምቆርጠው ቀጠን ተደርጎ የተቆረጠ። ገና ይሞቃል። ሳህኑ ሁለት ነው።

«እህትሽስ?» አልኳት ሀይማኖትን።

«ሱቅ ልሂድ ብላ ወጣች። አባየ ሲመጣ አብራችሁ ብሉ ብላኛለች።»

ጓዳ ገባሁ። ጉርዱ የለም። እቤት ያለው የስፌት መኪና ላይ ትቼው የሄድኩት ነጭ ክር ወጥቶ ጥቁር ክር ተሰክቶበታል። ያንን ደብዳቤ ሱቅ ተቀምጬ ስጽፍልሽ፣ እሷ እዚህ ኪሱን መልሳ ስትሰፋ ውላለች።

ሀይማኖትን ሽባባው ቤት ትቼ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከዚያ ክንዴን ለምኜ ዳንግላ ሄድኩ። የሙሉነሽ ቤት ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጎረቤቷ ከሦስት ልጃገረዶች ጋር ከመሸ በኋላ በመኪና እንደወጣች ነገረችኝ። አንዷ ጥቁር ጉርድ ለብሳ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላስተዋልኩም አለች። ለፖሊስ ተናግሬ ተመለስኩ። አሁን ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ መተማ እሄዳለሁ። ቀድመውኛል። ሀይማኖትን እናትሽ መጥተው ከሽባባው ቤት ይወስዷታል። ዛሬ ጧት ከሽባባው ቤት አምጥቼ ዳቦ ስቆርስላት፣ እኔ በልቼ እስክጨርስ በሩ ጋ እጇን አጣምራ ቆመች። ማንም አላዘዛትም። ጎትቼ ከጎኔ አስቀመጥኳት።

ክንዴ ደብዳቤውን ባሕር ዳር ላይ ለአዲስ አበባ መኪና ያስረክበዋል። ስሜነሽ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ በሕይወት አለሽ ማለት ነው፤ በዚያ ደስ ይለኛል። መተማ ላይ ካልደረስኩባት፣ አንድ ቀን ሰማያዊው በር ይንኳኳ ይሆናል። አትቆጫት። ለምን መጣሽ አትበያት። መጀመሪያ ቁጭ አድርጊያት፤ እሺ ብላ አትቀመጥም፣ እጇን ይዘሽ አስቀምጫት። ድንቹን እንደነገርኩሽ ቀጠን አድርገሽ ሥሪላት። በርበሬ ካለሽ ጨምሪበት። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ስትበላ አንቺም አጠገቧ ተቀመጪ።

አምላክ አራታችንንም ባንድ ገበታ ዙሪያ ያስቀምጠን። ሚኒባሱ ሞላ።

ባልሽ
ፀጋው