ጥለት የሌለው ጥቁር ቀሚስ

ረቡዕ፣ የካቲት 3

«ማን ሞተብሽ?» አሉኝ ጋሽ ኑሩ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ገና ከወረቀቱ ስፈታው። ማንም አልሞተብኝም፣ ቀሚስ ላሰፋ ነው አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። በዳንግላ ከእሳቸው የተሻለ ልብስ ሰፊ የለም። ክፋታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጥልፍ ሳይጨምሩበት ልብስ ከእጃቸው አይወጣም።

መጽሔቱን አሳየኋቸው። አዲስ አበባ ስማር ፈረንሳይኛ ያስተማረችን ማዳም ናት ስመረቅ የሰጠችኝ። ጠርዙ አልቋል፣ የፓሪስ ሴቶች ግን አሁንም እንዳማረባቸው ናቸው። ማዳም ስትለን የነበረውን አልረሳሁም። ልብስ አይብዛ፣ በልክ ይሰፋ፣ ጌጥ አይጫንበት፣ ለብሰሽው ስትወጪ ምንም ያልለፋሽበት ይምሰል። ዳንግላ ከተመደብኩ ጀምሮ የለፋሁት ያልለፋሁ ለመምሰል ነው። እስካሁን ያለኝ ይኸው፦

ነጭ ሸሚዝ። አለ።
ግራጫ ጉርድ። አለ፣ ወገቡ ትንሽ ይሰፋኛል።
ጠፍጣፋ ጥቁር ጫማ። አለ፣ የዳንግላ አቧራ ግራጫ አድርጎታል እንጂ።
የአንገት ሻሽ። የቤት ተጋሪዬ የአበበች ነው፣ በውሰት።
ጥቁር ቀሚስ፣ ጥለትም ጥልፍም የሌለው። በጋሽ ኑሩ እጅ።

ጋሽ ኑሩ ሥዕሉን አገላብጠው አዩና አንገቱ ላይ ምን ላድርግበት አሉ። ምንም። እጅጌው ላይስ? ምንም። ማንም ያልሠራው ከመሰለ እኔ ዘንድ ማን ሥራ ያመጣል ብለው ከልባቸው አዘኑ። ከየሥዕሉ ግርጌ የሰፊው ቤት ስም በትልልቅ ፊደል መጻፉን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ፈካ። እንግዲያው የእኔም ስም ውስጡ ይጠለፋል አሉ። እሺ አልኩ። ማን ያየዋል?

ሐሙስ፣ የካቲት 4

ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ቆራጯ አበበች ናት፣ እንደ እኔ መምህርት። የተባባልነው እንደ መጽሔቷ ሴት ከጆሮ በታች ሊቀር ነበር። ግራውን አሳጠረች፣ ለማስተካከል ቀኙን ቆረጠች፣ ቀኙ ሲያጥርባት ደግሞ ወደ ግራ ተመለሰች። መስታወቱን ስነጥቃት ከጆሮዬ በላይ ወጥታለች። «እንዲያውም ይበልጥ ፈረንሳይ ሆንሽ» ትለኛለች፣ ዓይኔን ሳታይ። መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ኋላ እሷ ሳቋን መያዝ ሲያቅታት እኔም ሳቅኩ። ማታ ሳየው አልጠላሁትም። አንገቴ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከትምህርት በኋላ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ከወንድሜ ከደሴ ምንም የለም። ከጦሩ ጋር ኮንጎ ዘምቷል፤ የመጨረሻው ደብዳቤው የመጣው ከመስቀል በፊት ነው። እናታችን ያለችው የተወለድንበት ገጠር፣ ዘንገና ነው። አማርኛ ትችላለች፣ የሆዷን የምትናገረው ግን በአገውኛ ነው፣ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ገበያ የሚመጣውን ሁሉ «ደሴ ምን ይላል በሉልኝ» እያለች ትልክብኛለች። እኔም «ደህና ነው፣ እናቴን ሳሙልኝ ብሏል» እያልኩ እመልሳለሁ። ሌላ ምን ልበል? ደህና ይሆናላ።

ዓርብ፣ የካቲት 5

ለበስኩት። ጋሽ ኑሩ ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ አንዲት አበባ የለችበትም። ከአንገቱ ጀርባ በውስጥ በኩል ብቻ «ኑሩ፣ ዳንግላ» ይላል በቀይ ክር። ትከሻው ልክ፣ ወገቡ ልክ፣ ርዝመቱም ልክ። አበበች ዞራ ዞራ አየችኝና ምንም ያልለፋሽበት ነው የሚመስለው አለች። እሰይ! ይህን ቃል ለመስማት ስንት ለፋሁ።

ጥቁር መሆኑን አልረሳሁም። የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ። ግን በአዲስ አበባ ለግብዣ ይለበሳል፣ ዳንግላም ቀስ በቀስ ትልመደው። ደግሞ ትምህርት ቤት ሁሉም ያውቀኛል፣ ሐዘን እንደሌለብኝ ያውቃሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ጥቁሩን ለብሼ ገበያ ወጣሁ። የምገዛው ነገር ስለነበረ አይደለም፣ ልታይ ነው። ለራሴ አልዋሽም። ባለ ጋሪዎቹ ዞረው አዩኝ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ መንገድ ለቀቀችልኝ፤ እንደ ክብር ቆጠርኩት። ሽንኩርት ሻጮቹ ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የዘንገና ጎረቤታችን ወርቄም ቅቤ ልትሸጥ መጥታ ነበር። ከሩቅ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልስማት ስቀርብ ቅቤዋን ሸክፋ ሰው መሀል ገባችና ጠፋች። ሌላ ጊዜ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጉንጬን የምትጨርስ ሴት! ቅናት ነው አልኩ ለአበበች ስነግራት። «ቅቤዋን እንኳ ሳትሸጥ?» አለች። ይቺ ልጅ ደስታዬ ላይ ውሃ ካልቸለሰች አይሆንላትም።

እሑድ፣ የካቲት 7

ቤተ ክርስቲያን በነጭ ነጠላ። ከሰዓት ካውያ አግዬ ጥቁሩን ተኮስኩት። ነገ ግራጫው ጉርድ፣ ማክሰኞ ጥቁሩ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱ ቀሚስ ብቻ መሆኑ ያሳፍራል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 9



ጠዋት ሁለተኛ ክፍሎችን ቁም ጽሕፈት እያስጻፍኩ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሙ። ቆባቸውን አውልቀዋል። ከአገርሽ ሰዎች መጥተዋል አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። ወጣሁ። ከአጥሩ ሥር ባሕር ዛፉ ጋ እናቴ፣ አጎቴ አያ ፈንቴ፣ ከኋላቸው የሰፈራችን ሰዎች ተቀምጠዋል። ፈረሶቹ ላብ በላብ ሆነዋል። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም አይናገሩም።

ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ነጠላ ዘቅዝቆ፣ ዝም ብሎ ከመጣ መርዶ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ደህና ነው እያልኩ ያወራሁለት ወንድሜ። «ደሴን! ወንድሜን!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ድምፄን ስትሰማ ወደ መሬት ወደቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውሰውም። ደረቷን ትደቃለች፣ እኔ እላይዋ ላይ ወድቄያለሁ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ተማሪዎቼ ክፍላቸውን ጥለው ወጥተው ያለቅሳሉ። ዳይሬክተራችን ትምህርቱን አቁመው ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። የትምህርት ቤቱ ጎረቤት ሴትዮ ንፍሮ ጥዳለች አሉ። አያ ፈንቴ የደሴን ፈረስ ግልቢያ፣ ተኩሱን፣ ለእናቱ መታዘዙን እያነሡ አስለቀሱን።

ከዚያ ድንገት አቆሙ። ወደ እኔ ጎንበስ አሉና፣

«ለመሆኑ ልጄ፣ የትኛው ቦታ ላይ ነው የወደቀው? መቼ ነው የነገሩሽ?» አሉኝ።

«ለእኔ ማን ነገረኝ? እናንተ አይደላችሁም ልትነግሩኝ የመጣችሁት?»

እናቴ ቀና ብላ ፀጉሬን አየች። ቀጥላ ቀሚሴን አየች።

«ታዲያ አንቺ ለማን ነው ተላጭተሽ ጥቁር የለበስሽው?»

ለፋሽን ነው ልል አፌን ስከፍት ዳይሬክተሩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ወርቄ ናት። ቅዳሜ አየችኝ፣ ፀጉሬ የለም፣ ልብሴ ጥቁር። ደሴ ሞቷል፣ እሷ ታውቃለች፣ ለእናቷ መርዶውን ደብቃለች ብላ ሮጣ ለአያ ፈንቴ ነገረች። እናቴም ከፊታቸው አነበበችውና እኔው ራሴ ሄጄ ከአፏ እሰማለሁ ብላ ፈረስ አስጫነች። እኔ መርዶ ይዘው መጡ ስል፣ እነሱ መርዶውን ከእኔ ሊሰሙ መጥተዋል።

አያ ፈንቴ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል እያሉ ሰዉን አጽናኑ። ንፍሮውን ተማሪዎቹ ጨረሱት።

ረቡዕ፣ የካቲት 10

እናቴ እኔ ዘንድ አደረች። ሌሎቹ ተመልሰዋል። ለቀሚሱ ምንም አላለችም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ፀጉሬን ግን በመዳፏ ደጋግማ ትዳስሳለች፣ የት እንደ ሄደ የምትፈልግ ትመስላለች። አበበች መቀሱን ደብቃ ቀኑን ሙሉ ከቤት ጠፋች።

ማታ እናቴ በአገውኛ ጠየቀችኝ። ደህና ነው እያልሽ የምትልኪብኝ ከየት እያመጣሽ ነበር አለችኝ። ደብዳቤ የለም፣ ከመስቀል ወዲህ ምንም አልመጣም አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አላመንኩሽም ነበር» አለች። «በየሳምንቱ ሳሙልኝ ይላል? ደሴ እንኳን ከኮንጎ፣ ከደጅ ሲገባም መሳም የሚረሳ ልጅ ነው።»

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም እንደዚያው። ከእንግዲህ ከመጣ መጣ በዪ፣ ካልመጣ አልመጣም በዪ፣ የማላውቀው ነው የሚያቃጥለኝ አለችኝ። ቃል ገባሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 11

በጭነት መኪና ሸኘኋት። ጥቁሩን ቀሚስ በጓዟ ውስጥ ይዛዋለች። አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልከለከልኳትም። ወንድምሽ በሰው አገር እያለ ይህ ነገር ሟርት ነው፣ ቤትሽ ውስጥ አይደር ነው ያለችው። የሚከፋኝ መስሎኝ ነበር፣ ግን ከትላንት ወዲያ የጮህኩት ጆሮዬ ላይ አለ፤ ለብሼው የምወጣበት ልብ የለኝም።

ጋሽ ኑሩ መንገድ ላይ አገኙኝ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ስማቸው የተጠለፈበት ቀሚስ ሰው አስለቀሰ መባሉ አሳስቧቸዋል። የፓሪስ ሰፊዎችም ይህ ይደርስባቸው ይሆን አሉኝ። አይመስለኝም አልኩ። «ጥልፍ ላድርግበት ብዬሽ ነበር» አሉ፣ ደግነት ባለው ድምፅ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

ወርቄ ቤቴ ድረስ መጣች። እያፈረች ገባች፣ ጉንጬን ስማ ስማ አልጠግብ አለች፣ አፌን ይቁረጠው አለች። እንኳን ደነገጥሽልን አልኳት፣ ደግሞም ከልቤ ነው። እናትሽ ልካለች ብላ ጥቅል ሰጠችኝ።

ከላይ ለፀጉሬ የሚሆን ለጋ ቅቤ፣ በኮባ ተጠቅልሎ። ቶሎ እንዲያድግ ነው። ከሥር ቀሚሴ።

ጥለት አለበት። ከግርጌው ዙሪያውን፣ ቀይና አረንጓዴ። ጥለቱን አወቅኩት፣ እናቴ በየዓመቱ ለጥምቀት ከምትለብሰው ቀሚስ ላይ የተፈታ ነው። ሌላ የክት ልብስ የላትም። ስፌቱ ደግሞ የእህል ጆንያ ስፌት ነው፤ ክሩ ድርብ፣ መርፌው የተራመደበት ሁሉ ይታያል፣ ከኋላ በኩል ተጠምዝዞ ወጥቷል። ጋሽ ኑሩ ቢያዩት ይታመማሉ። ማዳምማ ባታየው ይሻላል። ምንም ያልተለፋበት አይመስልም።

መቀስ አነሣሁ። አዎ፣ አነሣሁ። በልቤ ጥለቱን ፈትቼ በክብር አስቀምጠዋለሁ፣ ለእሷም እመልስላታለሁ እያልኩ ነበር። ወርቄ እጄን አየችና፣

«እናትሽ ምን ብላለች መሰለሽ» አለች። «ይህን ለብሳ ፖስታ ቤት ትጠይቅ። ልጄ በጥቁር አይጠየቅም።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ቅቤውን በመዳፌ አሽቼ ፀጉሬን ቀባሁ፣ ቀሚሱን ለበስኩና ከመዘጋቱ በፊት ለመድረስ ቶሎ ቶሎ ሄድኩ። ወርቄም አብራኝ መጣች። መልሱን በዓይኗ አይታ ለእናቴ እንድትነግራት ታዝዛለች፤ የእኔ ቃል ከእንግዲህ ብቻውን አይታመንም።

የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ገና ስገባ ራሱን ነቀነቀ። የለም። ሁለተኛ ፈልግልኝ አልኩት፣ ፈለገ፣ የለም። ከዚያ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ የቀሚሴን ግርጌ አየ።

«ሠርግ አለብሽ እንዴ?»

«የለብኝም» አልኩት። «ወንድሜን እየጠበቅኩ ነው።»

ወርቄ ያየችውን ይዛ ተሳፈረች። ደብዳቤ አልመጣም፣ ግን ለብሳ ጠይቃለች ትላታለች። ሰኞም ይህንኑ ለብሼ እሄዳለሁ።