ቦራ የምታውቀው በር

ውድ ጋሽዬ፣

ቦራ ላይ ወጥቻለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርህና ተቆጥተህ ይውጣልህ። ካንተ ሌላ ሰው ጀርባዋ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ለኔ ማን ይነግረኛል? «ፈረሴና የጥርስ ብሩሼ አይዋሱም» እያልክ ስንቱን እንግዳ አሳፍረህ መልሰሃል። ያ ጡረታ የወጣ ዳኛ ለፎቶ ብቻ ልቀመጥባት ብሎ ሲለምንህ፣ «ክቡር ዳኛ፣ እርስዎስ ካባዎን ያውሱኝ ነበር?» አልከው። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ሰውዬው ነው። ታመህ የቀረህ ጊዜ እንኳ ቦራ በረት ውስጥ ቆማ ትውላለች እንጂ ኮርቻ አይነካትም ነበር።

ግን ሞትክ። ዝሆን አሳድዶህ ያመለጥክ፣ ጎሽ ጉድጓድ ከቶህ ልብስህን አራግፈህ የተነሳህ ሰውዬ፣ «ትንሽ ብርድ መታኝ» ብለህ ተኛህና በሳንባ ምች ሄድክ። ወይ አንተ! ለሰው የሚወራ አሟሟት እንኳ አልመረጥክም። አለቃችን ከቀብር መልስ ጠራኝና፣ «ካሁን በኋላ አውሬ ሊያዩ የሚመጡትን እንግዶች በፈረስ የምትመሪው አንቺ ነሽ፤ ቦራን ጫኛት» አለኝ። «ሌላ ፈረስ ይሰጠኝ» አልኩ። «ቆማ የምትቀለብ ፈረስ የለኝም። ወይ ትጭኛታለሽ፣ ወይ ትሸጣለች።» አንጀቱ ደረቅ መሆኑን ታውቀዋለህ። ጫንኳት።

የምጽፍልህ ግን ስለ ፈረስ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ከሆነም ይሁን። እናታችንን አገኘኋት፣ ጋሽዬ። አንተ ስታገኛት እንደኖርክም ደረስኩበት።

ጥላን ስትሄድ አንተ በረት መጥረግ የጀመርክ ጎረምሳ ነበርክ፣ እኔ በደንብ አፌን ያልፈታሁ። መልኳን አላውቀውም። ያጠብከኝ አንተ፣ ጸጉሬን እንደ ፈረስ ጋማ እየጎነጎንክ ትምህርት ቤት የላክኸኝ አንተ። ሰው «እናትሽስ?» ሲለኝ በጣቴ አንተን ነበር የማሳየው። ስለ እሷ ያወራነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወንዝ ዳር ፈረሶቹን እያጠብን። «ብትገኝስ?» አልከኝ፣ ዓይኔን ሳታይ የቦራን አንገት እያሸህ። «ከተገኘች ላንተ ትሁንልህ። እሷ ባለችበት ግን እኔን አታገኘኝም» አልኩህ። «አይ ኩርፌ» ብለህ ሳቅህና ወሬ ቀየርክ። ያልኩትን ከልቤ ነው ያልኩት፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። የሄደችው እሷ ናት። አንተ ግን ያን ቀን ቤቷን ታውቅ ነበር። አውቀህ ሳቅህ! ያንገበገበኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጀርባ እያየሁ ነው የጋለብኩት፤ አንተ ከፊት፣ እንግዶቹ መሐል፣ እኔ ከመጨረሻ። እጅህን ስታነሳ ሁሉም ይቆማል፣ እኔ ሳፏጭ ማንም እንዳልቀረ ታውቃለህ። አሁን ከፊቴ ያለው ሣር ብቻ ነው። ቀጭኔዎቹ ከግራሩ በላይ አንገታቸውን አውጥተው ሲያዩን እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ እኔ የማየው ያ ዝርክርክ ኮፍያህ የነበረበትን ቦታ ነው። ዝሆኖቹ ግልገሎቻቸውን መሐል አድርገው መንገዱን ሲያቋርጡ እጄን አነሳሁ። ሁሉም ቆመ። በእኔ ቦታ ከኋላ የገባው አዲሱ ፈረሰኛ አፏጨ። ፉጨቱ ጉንፋን የያዘው ማንቆርቆሪያ ነው። መሳቅ ነበረብኝ፤ አለቀስኩ። ከፊት ስለሆንኩ ማንም አላየኝም፤ ለካ መሪ መሆን ይህ ጥቅም አለው።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ማለዳ ጤዛው ሳይነሳ ኮርቻ፣ ከዚያ ፀሐይ እስክትከር ጉዞ፣ ከዚያ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ድንኳን። የሜዳ አህዮቹ እንደ ድሮው ቦራን ዘመዳቸው አድርገው ጠጋ ይላሉ። እንግዶቹ መቀመጫቸው ተልጦ እያነከሱ «እንዴት ያለ ሕይወት ነው የምትኖሪው!» ይሉኛል። «አዎ፣ የታደልኩ ነኝ» እላለሁ። ምን ልበላቸው?

ጉዞው ተጋምሶ ወንዙ ጋ ስንደርስ የምታደርገውን ታስታውሳለህ። ምሳ ተበልቶ እንግዶቹ ጥላ ስር ጋደም ሲሉ፣ «መሻገሪያውን አይቼ ልምጣ» ብለህ ብቻህን ትሄዳለህ። ወንዙ ሞላም ጎደለም፣ በየጉዞው። እኔም ፈረሶቹን እየጠበቅኩ፣ እንዲህ ያለ ጠንቃቃ መሪ የለም እያልኩ እኮራብህ ነበር። ጅል! አሁን መሪዋ እኔ ነኝና ለመሄድ ስነሳ አብሳያችን አንድ ጥቅል ይዞ መጣ።

«ይህን የኮርቻሽ ኪስ ውስጥ ክተቺው።»

«ምንድን ነው?»

«ስኳርና ሳሙና። ጋሽሽ እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ይወስድ ነበር።»

«ለማን?»

«እኔ ድስት ነው የማማስለው እናቴ፣ የሰው ጉዳይ አላማስልም» ብሎ ወደ እሳቱ ተመለሰ።

የተሰነጠቀው ኩይሳ ጋ ስደርስ መሻገሪያው በቀኝ ነው፤ ቦራ ወደ ግራ ታጠፈች። ልጓሟን ሳብኩ፣ እምቢ አለች። አንበሳ ሸቷት ይሆናል ብዬ ጆሮዋን አየሁት፤ ዘና ብሏል። «ፈረስ መንገድ ስትቀይርብሽ ምክንያቷን ሳታውቂ አትጨቃጨቂያት» ያልከኝ አንተ ነህ። ለቀቅኩላት። በሶምሶማ ተነሳች፣ ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው። ዱሩን ጨርሰን፣ የአውሬው ክልል የሚያልቅበትን ድንጋይ አልፈን፣ በእሾህ የታጠረ ግቢ በር ላይ ገትራኝ ቆመች። ሰማያዊ በር ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት የብረት ኩባያ ተሰቅሏል። አንዲት አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታን ከበርሜል ወደ ባልዲ ውሃ ትቀዳለች።

«ዛሬስ በጣም ቆየህ» አለች፣ ሳትዞር።

ከዚያ ዞረች። መጀመሪያ ቦራን አየቻት፣ ቀጥሎ እኔን። ጋሽዬ፣ አፌን አልከፈትኩም። እምልልሃለሁ፣ ቃል አልወጣኝም። ግን ቦራን ለማንም እንደማትሰጥ ለሷም ነግረሃታል። አንተ ቆመህ እየሄድክ ሌላ ሰው እዚያ ጀርባ ላይ እንደማይቀመጥ አውቃለች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ወረደ። ባልዲው ግን አልወደቀም። አምጥታ ቦራ ፊት አስቀመጠችው፤ የኮርቻውን ጠፍር በአውራ ጣቷ አላላችላት፣ ልክ አንተ እንደምታደርገው። ቦራ ጠጥታ እስክትጨርስ ጋማዋን ይዛ ቆመች።

«መቼ ነው?» አለችኝ ከዚያ።

«ብርዱ ሲገባ። ሳንባ ምች ነው።»

«ሲያስለው ነበር። ሂድ ታከም ብዬው ነበር። ትንሽ ብርድ ነው አለኝ።»

እዚያው ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። የቀሚሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ነክሳ ከውስጥ የሚመጣ ስስ ድምፅ ታወጣለች፤ ጮኻ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔ አልወረድኩም። ማን እንደሆነች እስከዚያ ድረስ አላወቅኩም፤ ያስቀመጥካት ሴት ናት ብዬ ነበር የማስበው፣ በዕድሜዋ ገርሞኝ። ከዚያ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ኩርፌ ነሽ» አለች።

በዚህ ስም ካንተ በቀር የሚጠራኝ የለም። ማን እንዳወጣልኝ ጠይቄህ አላውቅም ነበር። «ጡት ስከለክልሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪ ነበር» አለችኝ፤ ያኔ አወቅኳት። ለምን እንደሄደች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ተነስታ አንዱን ኩባያ አወረደች። «የሱ ነው። ትጠጫለሽ?» «አልጠማኝም። እንግዶች ይጠብቁኛል» አልኩ፤ ጉሮሮዬ እንደ አሸዋ ደርቆ። ስኳሩን አውጥቼ አጥሩ ላይ አስቀመጥኩላት።

ጠፍሩን መልሳ አጠበቀችልኝ። «አንቺን ነይ አልልሽም። ነይ የምልበት አፍ የለኝም» አለች፣ ቦራን እያየች። «እሷን ግን ስታልፊ ላኪልኝ። ኩይሳው ጋ ብትለቂያት መንገዱን ታውቀዋለች። ውሃ አጠጥቼ እመልስልሻለሁ።»

ምን አደረግሽ በለኝ እስቲ! በሚቀጥለው ጉዞ ኩይሳው ጋ ወረድኩ፣ ልጓሙን አንገቷ ላይ ጠመጠምኩ፣ ጥቅሉን ኮርቻው ላይ አስሬ ለቀቅኳት። አንበሳ ባለበት አገር፣ በእግሬ፣ ኩይሳ ተደግፌ! በሕይወት ብትኖር ገድለኸኝ ነበር። ቦራ አፏ ርሶ ተመለሰች። ኪሱ ውስጥ ኩባያህ አለ፣ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ። ከውሃ መያዣዬ ቀዳሁና እዚያው ቆሜ ጠጣሁበት። ማንም ስለማያየኝ ነው የጠጣሁት።

ከዚያ ወዲህ በየጉዞው እንዲሁ ሆነ። ስኳር ትወስዳለች፣ ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች። በሚቀጥለው እኔም እሄዳለሁ እላለሁ፣ ኩባያውን ለመመለስ ብቻ። በሚቀጥለው ደግሞ ፊቴ ወደ ግድግዳ ይዞራል።

ባለፈው ጉዞ ግን ቦራ ቶሎ መጣች። ጥቅሉ እንደታሰረ ነው። አፏ ደረቅ፣ ከንፈሯ ላይ አቧራ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ ፈረስ ብቻ አይቼ አወቅኩ፤ ያኔ እሷ እንዳወቀችው። ዘልዬ ወጣሁባትና ጋለብኩ። በአውሬ አገር እንደዚያ አይጋለብም፤ ይቅር። ባልዲው ተደፍቷል፣ ሰማያዊው በር ክፍት ነው። በሩና ባልዲው መሐል ወድቃ አገኘኋት። የቦራን ኮቴ ሰምታ ልትነሳ ሞክራ ይሆናል፤ ትተነፍሳለች። ሳነሳት እንደ ሕፃን ቀላል ናት። ቦራ ላይ ሳስተኛት ንቅንቅ አላለችም ፈረስህ። ይህም እንዳያናድድህ።

ሰፈር ስደርስ አብሳዩ አንዴ አይቶን ማማሰያውን ጣለና የሰፈሩን ዕቃ የሚጭንበትን መኪና አስነሳ። «እንግዶቹስ?» አለኝ አዲሱ ፈረሰኛ። «አንተ ምራቸው። ፉጨቱን ብቻ ተወው» አልኩት።

አሁን የምጽፍልህ ሆስፒታል ውስጥ፣ እሷ ከተኛችበት ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይላል። ቡት ጫማዬ የረገጠውን ጭቃ የጽዳት ሠራተኛዋ እየተከተለች ትወለውላለች፣ ትገላምጠኛለች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ልታባብለኝ አልሞከረችም። «ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ልባቸውም በጣም ደክሟል። ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ልጃቸው ነሽ?» አለችኝ። ጋሽዬ፣ ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። «አዎ» አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። ኩባያህን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ አልኩላት። ስላንተ፣ ወይ ስለኔ የሆነ ነገር ልትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ቦራ ጠጣች?» አለች።

አልጠጣችም። በዚያ ሩጫ ውሃ ማን አስታወሳት፤ ላብ እንዳጠመቃት ትቻት ነው የመጣሁት።

«ጠጣች፣ እማዬ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። እስካሁን አልገለጠችም።

እንግዲህ ደህና ሁን ጋሽዬ። ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ገና ይቅርም አላልኩህም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። በዚህ ኩባያ ስንት ዘመን ብቻህን ጠጥተሃል። አሁን ወዳንተ ስትል ካየሃት፣ በር ላይ ቆመህ አትጥራት። ትንሽ ታገሠኝ። እኔ ገና አንዴ ነው የጠራኋት።

እህትህ
ኩርፌ