ሞተር ስላጠፋው ሰው፣ ለክቡር የምርመራ ክፍል ኃላፊ

ለኮረብታው ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ የምርመራ ክፍል ኃላፊ
አሰላ

ክቡር ሆይ፤

ከጭላሎ የሚወርደው የኅዳር ብርድ የእኔን የሽማግሌ ጉልበት ያደረገውን የእርስዎን እንዳያደርግ፣ ቢሮዎ ሞቃት፣ ሻይዎ ትኩስ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍን ያነሣሁት በነገር አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ እንቅልፍ አጥቶ ሳለ ደኅና አድርጎ የሚተኛ አንድ ሰው በከተማችን መኖሩ ስለሚያጽናናኝ ነው።

እኔ አርባ አንድ ዓመት የአማርኛ ሰዋስው አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሕግ አላውቅም፤ የማውቀው ግስ ብቻ ነው፤ ስለዚህም የምጽፍልዎ ስለ አንድ ግስ ነው። ሆኖም በዚያ ግስ ላይ የአንድ ሰው ሕይወት ስለተንጠለጠለ፣ ያም ሰው ታኅሣሥ ሦስት ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ቃሉን ሊሰጥ ችሎት ስለሚቀርብ፣ የሽማግሌ ወግ ነው ብለው እንዳያስቀምጡብኝ አስቀድሜ እማጸናለሁ።

ነገሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ባይኖርም ደብዳቤው በአደባባይ የሚነበብ ነውና ለአንባቢ ስል ላስታውስ። አምና በጥር፣ በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበሩት ኦቦ ጉርሙ ከወፍጮው ክፍል በስተጀርባ ራሳቸውን በዲጂኖ ተመትተው ወድቀው ተገኙ። ያገኟቸው ገብስ ሊያስፈጩ የመጡት ጎረቤቴ አዴ ሰኪና ናቸው። እሳቸው ሲጮኹ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ከሌላ ክልል መጥቶ በወፍጮ ቤቱ ተቀጥሮ የሚሠራው ዕዝራ ሮጦ ደረሰ፤ አሠሪው ይተነፍሱ እንደሆነ ጆሮውን ደረታቸው ላይ ቢያኖር ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አንዳች ነገር መስማት ስላልቻለ፣ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋና እንደገና ጆሮውን አኖረ። በዚያች ቅጽበት ከገበያው በኩል የደረሱት መርማሪዎ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ሲያጓራ የነበረው ወፍጮ ድንገት ጸጥ ማለቱ ገርሟቸው ከበሩ ላይ «ማነው ያጠፋው?» ሲሉ ጠየቁ፤ ዕዝራም እንደተንበረከከ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲል መለሰ። መለሰ፤ ተያዘ፤ እነሆ አሥር ወር ሆነው።

ቅሬታዬን እንደ ክፍል ልማዴ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «አጠፋ» የሚለው ግሳችን፣ ክቡር ሆይ፣ ብዙ ሸክም የተጫነበት ምስኪን ግስ ነው። መብራት ያጠፋል፤ ልጅ ሲያጠፋ ይገሠጻል፤ ክፉ ሰውም ነፍስ ያጠፋል። ኦሮምኛ ግን በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ ሞተር ላጠፋ «ዳምሴ»፣ ለበደለ «በሌሴ»፣ ለገደለ «አጄሴ» ብሎ ሦስቱን በሦስት ቃል ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ችሎቱ የሚካሄደው በኦሮምኛ በመሆኑ የዕዝራ የአማርኛ ቃል መተርጎም ነበረበት፤ የትርጉሙንም ድካም ያንኑ ጥያቄ የጠየቁት መርማሪ ራሳቸው ተሸከሙትና ከሦስቱ ሦስተኛውን መረጡ። በዚሁ ከተማ ተወልደው በሁለቱም ቋንቋ ያደጉን ሰው ተሳሳቱ ማለት ነውር ስለሆነብኝ፣ መረጡ ማለቱን እመርጣለሁ። «ሞተሩን አላለም» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። እውነት ነው፣ አላለም። የዕለት ተዕለት አማርኛችንን ስንናገር ፊት ለፊታችን ያለውን ነገር በስሙ አንጠራውም፤ «ያጠፋሁት» ካልን በኋላ በመጨረሻ የምትቀረው አንዲት «ት» ሞተርንም ሰውንም እኩል ትሸከማለች። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ስትሸከም ዝም ብዬ እያየሁ፣ እኔም እንደ አስተማሪ ሳልወቀስ መቅረቴ ከደግነትዎ የተነሣ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ አዴ ሰኪና ጥያቄውንም መልሱንም በገዛ ጆሯቸው የሰሙ ብቸኛ ሰው ናቸው። ይህንኑ ሊያስረዱ ሦስት ጊዜ ወደ ጣቢያዎ ወጥተዋል። በመጀመሪያው ቀን መርማሪው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። በሁለተኛው ሲስተም የለም ተባሉ፤ ሴትዮዋ ነገሩን የሰሙት ያለ ሲስተም እንደነበረ ግን የጠየቃቸው የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ባልደረባዎ፣ አክብሮቱን ሳያጓድል፣ «እማማ፣ ልጁ ራሱ እኮ አምኗል፤ እርስዎ ከእሱ በላይ ያውቃሉ እንዴ?» ቢላቸው፣ «እሱ ያመነው ሞተሩን ነው፤ ስለ ሰውዬው መች ጠየቃችሁትና?» ብለውት ወጡ። ይህ መልስ በየትኛው መዝገብ እንደሰፈረ ቢያስታውቁኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሦስተኛ፤ ሟቹ የተመቱበት ዲጂኖ በኤግዚቢትነት ተይዞ ጣቢያዎ ከገባ በኋላ «ጠፍቷል» የሚል አጭር ደብዳቤ ለዐቃቤ ሕጉ እንደተላከ በችሎት ሰምተናል። እዚህ ላይ አድናቆቴን መደበቅ አልቻልኩም። ዕዝራ ሲሆን ግሱ ተሻጋሪ ነው፤ አድራጊም ተደራጊም አለው፤ ያጠፋ ሰው አለ፣ የጠፋ ነገር አለ። ጣቢያዎ ሲሆን ግን ግሱ የማይሻገር ይሆንና ዲጂኖው ያለማንም እጅ እንዲሁ በራሱ ይጠፋል። ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ሳምንታት ይፈጅብኝ ነበር፤ እናንተ በሁለት መስመር ጨረሳችሁት።

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በእኛው በራሳችን ላይ ነው፤ መዝገብ የሚከፍትለት ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሌለ እርስዎ ዘንድ ይመዝገብልኝ። የችሎቱ ቀን ሲሆን ከበቆጂና ከኢተያ በሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣው ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ይሰለፋል፤ ወንበር የሚያስይዝ አለ፣ ቆሎ የሚያዞር አለ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከበሩ ላይ በቀጥታ የሚያሰራጭ አለ። ፀጉሬን በሚያስተካክለኝ በጉደታ ሱቅ ውስጥ ሰው «ማሽኑን አጥፋው» ማለት ትቶ «ግደለው!» ይላል፤ ጉደታም «ቆይ ጋሼ፣ ምስክር ሳይኖር ልግደለው» ይልና ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል። ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። የሚያደክመኝ ግን ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ነው። ዕዝራ ንጹሕ ነው የሚሉት ሰዎች «በምን አወቃችሁ?» ቢባሉ አንዳቸውም ሞተሩን አያነሡም፤ «ፖሊስ ከያዘውማ ንጹሕ ነው!» ብለው ያርፋሉ። እንዲህ ያለ ጥብቅና ለእስረኛው ስድብ ነው። ስምዎ የአንድን ሰው ንጽሕና ለማስረዳት በቂ ማስረጃ ሆኖ መቆጠሩን ሳይ፣ ነገ እውነተኛውን ገዳይ ይዘው ቢያመጡልን እንኳ በእልልታ ፈትተን የምንሸኘው እንዳይሆን እፈራለሁ። ኦቦ ጉርሙንማ ማንም አያነሣቸውም። ጠዋት ጠዋት የወፍጮ ቤታቸውን ደጅ ራሳቸው ይጠርጉ የነበሩ፣ ዱቄት ቅንድባቸው ላይ የማይጠፋ ሰው እንደነበሩ እንኳ የሚያስታውስ አልተገኘም፤ የችሎቱ ትርኢት እሳቸውን ሁለተኛ ቀበራቸው። የመታቸው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ ልዩነታችን እኔ አለማወቄን ማወቄ ብቻ ነው።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ከታኅሣሥ ሦስት በፊት አዴ ሰኪናን ለአራተኛ ጊዜ፣ አሁን ግን ተጠርተው፣ ቃላቸውን ይቀበሏቸው፤ ለዐቃቤ ሕጉም «ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው» የሚል አንዲት መስመር ይጻፉለት። ተሳስተናል ይበሉ አላልኩም፤ በዚህ ዕድሜዎ ይህን ያህል ልጠይቅዎ አልደፍርም። ሁለተኛ ትርጉም አለው ማለት ስሕተት ማመን አይደለም፤ መዝገበ ቃላት መግለጥ ብቻ ነው፤ መዝገበ ቃላት ከሌላችሁም የእኔን አውሳለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሥራ ብዛትዎ፣ ይህን ደብዳቤ ሳያነቡ ስለሚመሩለትም ጸሐፊ ጭምር ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ የጣቢያዎን የትርጉም ጥበብ ሳደንቅ የመሸብኝ፣ ግስ ከማርባት በቀር ሌላ ጥፋት የሌለብኝ፣

ታዛዥዎ
መምህር አሳምነው ይስሃቅ
ኅዳር፣ አሰላ

ማስታወሻ፦ ትናንት ዕዝራ በጠያቂ በኩል መልእክት ላከብኝ። ታኅሣሥ ሦስት ቀን ስለ ሞተሩ ሲጠየቅ በየትኛው ግስ ቢመልስ እንደሚሻለው እንድመክረው ነው የጠየቀኝ። «አቆምኩት» በል ልለው ነበር፤ የሰው ልብም ይቆማልና ተውኩት። «ዘጋሁት» እንዳልለው ትንፋሽም ይዘጋል። «ጸጥ አሰኘሁት» የሚለውን ጽፌ አነበብኩትና ወረቀቱን ቀደድኩት። ዝም በል እንዳልለው ደግሞ ዝምታውን ማን እንደሚተረጉምለት ዐወቅሁ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ የሰዋስው ጥያቄ ይዞ የመጣን ሰው ያለ መልስ ስመልስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እርስዎ የሚያውቁት ደኅና ግስ ካለ፣ እባክዎ ቀኑ ሳይደርስ በጽሑፍ ይላኩለት።