የሰርተፍኬቱ ማብቂያ ቀን

መስከረም 9፣ 2010

ማራገቢያው ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ... ከኮምፒውተር ክፍል ባልደረባዬ ከጋሼ ባፈና ጋር ለምዝገባ ክፍል ኬብል ስንዘረጋ ዋልን። ሐሙስ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ በኮሌጁ ድረ ገጽ ይጀመራል። ድረ ገጹ የእኛው መሆኑን ለስልኮች የሚመሰክረው ሰርተፍኬትስ ጊዜው አላለፈም? ቢሮ ስንመለስ ጠየቅኩ። ጋሼ ግድግዳ ላይ የለጠፉትን የማብቂያ ቀኖች ዝርዝር አዩ። «እስከ መስከረም 20 ነው። አታስቢ፣ ልጄ።»

አላሰብኩም።

መስከረም 11

ጉድ ሆንን። ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው የሚያየው። ሰርተፍኬቱ አልቋል! ውቢት የምትባል ተማሪ ከካምባ ገጠር ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ... «እህቴ፣ ስልኬ መረጃሽን ሊሰርቁሽ ይችላሉ አለኝ። እናንተ ናችሁ ወይስ ሌባ?» ምን ልበላት? እኛው ነን አልኳት። አዲሱን እስክናስገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ዲኑ አቶ ማቴዎስ ቢሯችን ድረስ መጡ። «ዝርዝሩን የሚይዘው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። የዚያኑ ዕለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረሙ። ኮንትራታቸው የሚታደሰው በጥቅምት ነው... ይህ ደብዳቤ እያለ ማን ያድስላቸዋል? አንጀቴን በሉት።

መስከረም 12

ወረቀት ይብቃን ብዬ ሼል ስክሪፕት መጻፍ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽመው አጭር ትእዛዝ ነው። በየማለዳው ስድስቱን ድረ ገጾቻችንን ተራ በተራ «ሰርተፍኬትህ መቼ ያልቃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቀሩትን ቀናት ይቆጥራል፤ ከሠላሳ ካነሱ ለሁለታችንም ኢሜይል ይልካል። ለጋሼ ኮንትራት መከራከሪያ ይሆናል ብዬም ነው።

ለመሞከር ያለቀውን የድሮ ሰርተፍኬት ሰጠሁት። «ሴፕቴምበር 20 አልቋል» አለኝ። ሴፕቴምበር 20... በእኛ መስከረም 10። ታዲያ ዝርዝሩ ላይ 20 ከየት መጣ? ተነስቼ አየሁት። የፈረንጁን ወር መስከረም ብሎ፣ ቀኑን ግን ሳይቀይር እንዳለ የገለበጠ ሰው አለ። ጽሑፉ የጋሼ አይደለም። የኔ ነው! አምና እረፍት ሲወጡ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው፣ «ሠራልሽ?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኩ። ውሸታም።

መስከረም 14

ቸርች ሄድኩ። ስብከቱ ስለምን ነበር? እንጃ። በጥቅምት አዲስ አበባ ለስልጠና የምሄደው እኔ ነኝ፤ ብናገር ይቀራል። ባልናገርስ?

መስከረም 15

ተናገርኩ። ዝርዝሩንና የስክሪፕቱን ውጤት አቶ ማቴዎስ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ቀኖቹን በጣታቸው እየቆጠሩ አመሳከሩ። የጋሼን ደብዳቤ ከፋይሉ አስወጡ፤ የኔን አስጻፉ። «ለስልጠናው ሌላ ሰው እንልካለን፣ ዕድላዊት» አሉ። ፈረምኩ። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ለጋሼ ልነግራቸው ገና አፌን ስከፍት፣ «ጽሑፍሽን የዚያኑ ሐሙስ ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ገና ጀማሪ ነሽ ብዬ። ግን ተቀይሜሽ ነበር፣ በጣም። ረቡዕ ማስቃላ ነው፣ የእኛ አገር መስቀል። እኛ ጋ ቂም ተይዞ ማስቃላ አይገባም። እስከ ነገ ዝም ብትይ እኔው ላነሳው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወጣልኝ።»

ነገ ለበዓሉ ቤተሰባቸው ጋ ካምባ ይሄዳሉ። ነይ አሉኝ፤ እሄዳለሁ። ስክሪፕቱ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ኢሜይል ለሁለታችንም ደርሷል። ስልጠናው ግን ቆጭቶኛል፤ ገና ይቆጨኛል።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ደህና እደሪ፣ ልጄ» አሉኝ። ከሐሙስ ወዲህ «ልጄ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። አሁን ገና ነው ልብ ያልኩት።