አማትን ፈራ ስለተባለው አጥቂ

ለተከበሩ አቶ ሊንደን ፕራት
የወጣት ተጫዋቾች ምዘና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጋራዤ በር ላይ የወረደውን ጸጥታ ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በተለይ ለወገብዎ። ከየካቲት ወዲህ የወገብዎን ነገር ሳናነሣ የዋልንበት ቀን የለም። ምክንያቱን እርስዎም ያውቁታል፤ እኔም መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ ዶሪን ስቴፋኒክ፣ በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት ግሬይ ዊሎ በምትባል፣ እርስዎ በምዘናዎ ስሟን አንድ ፊደል ገድፈው በጻፏት ትንሽ ከተማ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። የብሮዲ ፔትሪሺን ቤተሰብ ጎረቤት ነኝ፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። ብሮዲ ማለት ባለፈው ዓመት በወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ ከማንም በላይ ጎል ያገባው፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጨዋ ልጃችን ነው።

ባለፈው ሰኔ ታላላቆቹ ክለቦች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት የድራፍት ቀን የእርስዎ ክለብ ብሮዲን በሁለተኛው ዙር ሲጠራው፣ ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ነበር። ድራፍት ሲባል በብርጭቆ የሚቀዳውን ብቻ የሚያውቀው ወንድሜ ኦረስት እንኳ በዚያ ቀን ሁለቱንም ድራፍት አንድ ላይ አከበረ። ደስታችን ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ የእርስዎ ምዘና በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ደስታ ሲበዛ እንዳይጎዳን ስላሰቡልን ከልብ እናመሰግናለን። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝና በትዕግሥት ያንብቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

አንድ። በመጀመሪያው አንቀጽዎ “ጎል የማስቆጠር ተሰጥኦው ብርቅ ነው” ብለው ጽፈዋል። እዚያው ላይ አራት ነጥብ አድርገው ቢያቆሙ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ነዎትና “ይሁን እንጂ” አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ይሁን እንጂ ነው። ሟቹ ባለቤቴ በሠርጋችን ማግሥት ምግቡ እንዴት ነበር ተብሎ ቢጠየቅ “ጥሩ ነበር፣ ይሁን እንጂ” ብሎ ጀመረ፤ እናቴም እስክትሞት ድረስ “ይሁን እንጂ” እያለች ነው የጠራችው።

ሁለት። “ጭካኔ ይጎድለዋል፤ ጎል ካገባ በኋላ ግብ ጠባቂውን ይቅርታ ሲጠይቅ ተስተውሏል” ይላል ጽሑፍዎ። እውነት ነው፣ ጠይቋል። በእኛ ከተማ ሰው በር ቢገጨው በሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ስለሆነ ነገሩ ባይገርመኝም፣ ለእርስዎ ክብር ስል በአጥር ላይ ጠርቼ ጠየቅሁት።

“ታዲያ ምን ልበለው እማማ ዶሪን? ሦስት አግብቼበታለሁ እኮ! ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ነው የሚቀመጠው” አለኝ።

ልብ ይበሉልኝ፤ ይቅርታ የጠየቀው ሦስት ካገባበት በኋላ ነው፣ ከማግባቱ በፊት አይደለም።

ሦስት። ይህኛው ረዘም ስለሚል ቁጭ ብለው ቢያነቡት ይሻላል፤ ወገብዎ ከፈቀደ። “ወደ ቀኙ ጥግ አይገባም፤ ግጭት ይፈራል” ብለው ደምድመዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። በሜዳችን ላይ፣ ለተመልካቹ ምግብ በሚሸጥበት ወጥ ቤት በኩል ካለው ከዚሁ ቀኝ ጥግ ሥር መሬቱ ከብርዱ ብዛት አብጦ ስለተነሣ፣ በረዶውም አብሮት ተነሥቶ ጉብታ ሠርቷል። ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ ለእንግዳ ዓይን አይታይም። ብናስተካክለው እየተመለሰ ቢያስቸግረን ስም አወጣንለትና አብረን መኖር ጀመርን። ስሙም “አማት” ነው፤ ሳይጠሩ አይሄዱባትም፣ የሄዱም እንደሆነ በደኅና አይመለሱም። የግሬይ ዊሎ ልጅ በረዶ ላይ መቆም ሲጀምር መጀመሪያ የሚሰማው ምክር “ወደ አማት እንዳትሄድ!” የሚል ነው።

ብሮዲም እንደተመከረው አደገ። በዱላ የምትመታው ጥቁሯ ጎማ፣ ፓክ፣ ወደዚያ ጥግ ስትገባ አይከተላትም፤ ጉብታው መልሶ እንደሚተፋት ስለሚያውቅ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃትና ስትወጣ ወደ መረቡ ይሸኛታል። ግማሹን ጎል ያገባው በዚህ ብልሃት ነው። እርስዎ ልጁን ሊያዩ በመጡ ቁጥር ያዩት በእኛው ሜዳ ነው፤ በሌላ ከተማ ጥግ ውስጥ ገብቶ ሲጋፋ እንዳያዩት ወይ መንገዱ ራቀብዎ፣ ወይ የእነዚያ ሜዳዎች ወጥ ቤት እንደ እኛው በድንች የተሞላ ፒሮሂ አያቀርብም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ስለ እርስዎ ምዘና ግን እኔ እንዲህ አልልም።

አራት። ይህ የግሌ ነው። ብሮዲ ገና ሕፃን ሳለ ጀምሮ የጋራዤን የብረት በር ዒላማው አድርጎ ስለኖረ በሩ የተቀጠቀጠ ድስት መስሏል። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ “አንተ ልጅ፣ ጆሮዬን እኮ በላኸው!” እላለሁ፤ እሱ “ይቅርታ እማማ ዶሪን!” ይልና ደግሞ ይመታል። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ። ምዘናዎ ከወጣ ወዲህ በሬ ዝም አለ። ልጁ አሁን ጠዋት ማታ የአባቱን የድርቆሽ ጥቅል በትከሻው ሲገጭ ይውላል፤ ግጭት እንደማይፈራ ለማሳየት። ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ የውድድር ዓመት ሜዳው ላይ በማሽን በረዶ እንደተጣለም ማንንም ሳይሰማ በቀጥታ ወደ አማት ሄደ። ትከሻው በልዞ መጣ።

እናቱ ታንያ እንባዋን እየዋጠች “መምታት ተወ እኮ ዶሪን! ባዶ መረብ ፊት ቆሞ፣ ብቻውን፣ ለጓደኛው አቀበለ!” አለችኝ። እሱን ብጠይቀው “ጎሉንማ አይተውታል እማማ፣ የቀረኝ ጥጉ ነው” ብሎ ድርቆሹን መግጨቱን ቀጠለ።

በመስከረም ወደ ክለባችሁ ልምምድ ሲመጣ እንግዲህ መምታት የተወ አጥቂ ትረከባላችሁ፤ ከዚያም “ጎል አያገባም” ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። እዚህ ላይ ቀልዴን ልተወውና ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ያን የበር ድምፅ እወደው እንደነበር ያወቅሁት ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። በዚያው ድረ ገጽ ላይ፣ ልጁ በሚያነብበት ቦታ፣ “ጥጉ ጎርባጣ ነበር” የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጨምሩልን። ከፈለጉ ከፊቷ “ይሁን እንጂ” ያስገቡባት፤ አንቀየምም።

ጎርባጣውን ከለጥ ያለው ለመለየት የሚበቃ ዓይን፣ ያንንም የሚሸከም ወገብ እንዲሰጥዎ ዘወትር እየተመኘሁ፣ ሰላም ነሥተው ጸጥታ ለሰጡኝ ለእርስዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እገልጻለሁ።

ዶሪን ስቴፋኒክ
የበሩ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለክለቡ ዋና አሠልጣኝ
ለወንድሜ ለኦረስት
እንዲያውቁት
ለጋራዤ በር
ተስፋ እንዳይቆርጥ

ማስታወሻ፦ የወገብዎን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። በየካቲቱ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ሕዝቡ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ዞሮ፣ በረዶውን አቋርጦ ወደ ወጥ ቤቱ ሲሰለፍ፣ እርስዎ ፒሮሂው እንዳያልቅብዎ በቀኝ በኩል በአቋራጭ ሄዱ። “ኧረ ጌታው፣ አማት! አማት!” ብለን ጮኸን፤ እርስዎ ግን አማትዎ የመጡ መስሎዎት ነው መሰል ጭራሽ ፈጠኑ። በወደቁ ጊዜ ተጫዋቾቹ ለመጨባበጥ ተሰልፈው ነበር። አንድ ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ እየተንሸራተተ መጣና በብብትዎ ገብቶ አነሣዎት፤ “ይቅርታ ጌታዬ”ም አለዎት። እርስዎ ኮፍያዎን ይፈልጉ ስለነበር ፊቱን አላዩትም። ብሮዲ ፔትሪሺን በውድድሩ ዓመት በሙሉ ወደዚያ ጥግ የገባው ያን ጊዜ ብቻ ነው።