የሁለት እጅ መኖ

ጥር 4
በረት ጠረግሁ። ውሃ ቀየርኩ። ፍየላችን ቦቃ ልትወልድ አምስት ሳምንት ቀርቷታል... መንታ። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ሆዷን ዳበሰች። "ግልገሎቹ ሲያድጉ ጨጓራዋን ያጣብቡታል። ድርቆሹ ላይ በቀን አንድ ጣሳ ድጋፍ መኖ ጨምሩላት፤ በቆሎና ፉርሽካ፣ እርሾ የተነሰነሰበት። ከአንድ እንዳታልፉ።" ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሰማች። "ለሴትዮህ ድግስ ታዘዘላት" ብላ ገባች።

ጥር 9
ማለዳ ሰጠኋት። ጣሳውን ልሳ ጨረሰች። ገና ኮቴዬን ስትሰማ ትጮሃለች። ባለቤቴ፦ "ለእኔ እንዲህ በማለዳ ተነስተህልኝ አታውቅም።"

ጥር 15
ቦቃ ተኝታለች። አታመሰኳም። ጥርሷን ታፋጫለች። ግራ ጎኗ ተነፍቷል፤ በጠጧ ቀጥኗል፣ ሽታው ይኮመጥጣል።
ሐኪሟ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ስንት ጣሳ?"
"አንድ" አልኩ። ማልኩም።
ከኋላዬ ባለቤቴ፣ ቀስ ብላ፦ "እኔም ከሰዓት አንድ እሰጣት ነበር።"
"አንቺ?"
"ትረሳለህ ብዬ ነዋ። የራስህን ኪኒን የምትረሳ ሰው።"
ሐኪሟ ሰምታለች። "ፍቅራችሁ ሊገድላት ነው" አለች። እህል ሲበዛ ሆዷ ውስጥ ኮምጥጦ፣ ድርቆሹን የሚያብላሉላትን ረቂቅ ነፍሳት ይፈጃል አለች... መጥታ በቱቦ መድኃኒት አጠጣቻት። እህል የለም፣ ድርቆሽ ብቻ። "መጀመሪያ እናትየዋ ትትረፍ፤ ስለ ግልገሎቹ ያኔ እናወራለን።"

ጥር 16
አላመሰኳችም። ባለቤቴ በርጩማ አውጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች።
"በእጄ ገደልኳት።"
በእጃችን፣ አልኳት። እኔም እኮ ጣሳውን ልክ ሰፍሬ አላውቅም፤ አትረፍርፌ ነው። ነገርኳት። ሳቀች... መልሳ አለቀሰች።

ጥር 18
ረፋድ ላይ መንጋጋዋ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። አመሰኳች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን።

የካቲት 10
ወለደች። ሁለት። ታናሹ ደከም ያለ ነው፤ ባለቤቴ በሹራቤ ጠቅልላ ጡት አስያዘችው። ጠባ። ሹራቡን ማን ጠየቀኝ?
እህሉ የተመለሰላት ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ በእፍኝ። አሁን ሳንጠያየቅ የምንሰጣት ነገር የለም። "ሰጠሃት?" "አንቺስ?" በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር እንዲህ አውርተን አናውቅም።
ከበረት ስንመለስ፦ "ምሳ በልተሃል?"
"አልበላሁም" አልኩ።
በልቼ ነበር።