አባባ አህያ ይዘውልህ መጥተዋል

ለተወደድከው ወንድሜ ለፍልጢ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? እግርህስ እንዴት ነው፣ ጠገገልህ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም። እማዬ ደህና ናት፣ ቲርጻም ደህና ናት፣ አባባም እያማረሩም ቢሆን ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡህ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ደስ ያለኝን እጽፋለሁ። «ምን ያስጽፍሻል? እኔ አፍ የለኝም?» ብለው ተቆጥተውኛል። አፍስ አላቸው! ነገር ግን ወሬውን ከጌሤም ሽንኩርት ጀምረው በማራ መራራ ውኃ ስለሚጨርሱት፣ ዋናው ነገር እንዳያመልጥህ ብዬ ነው።

አዎ፣ ከግብጽ ወጥተናል። ጡብ የለም፣ ገለባ ለቀማ የለም፣ ጅራፍ የለም። እኔ እስካሁን ጠዋት ጠዋት የተጠራሁ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ ማንም እንዳልጠራኝ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ጥቅልል ብዬ እተኛለሁ። እንዴት እንደሚጥም ስትመጣ ታየዋለህ።

የወጣን ሌሊት እንደታዘዝነው ጠቦት አርደን፣ ደሙን ጉበኑንና መቃኑን ቀባን። በየቤቱ ያለ በኩር በዚያ ደም እንደሚተርፍ ተነግሮናል። እማዬ ግን አንድ ጉርሻ አልወረደላትም። «የእኔ በኩር እዚህ የለ፤ ድንጋይ ሊያስቆፍሩት ወስደውታል። እሱ ባደረበት በር ላይ ማን ይቀባለታል?» እያለች እጇን ታፋትጋለች። እኩለ ሌሊት ላይ ከግብጻውያኑ ሰፈር ለቅሶ ተነሣ። ወዲያው «ውጡ! ውጡልን!» ተባለ። ሰው ሁሉ ያልቦካ ሊጡን በትከሻው አድርጎ ሲሯሯጥ፣ እማዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ ሲመለስ ባዶ ቤት ሊጠብቀው ነው? እናንተ ሂዱ፣ እኔ አልነሣም» አለች።

አባባ ለመኗት፣ ጮኹባት፤ በመጨረሻ አጠገቧ ቁጭ ብለው «እንግዲያው እኔም አልሄድም» አሉ። እኔና ቲርጻ ጓዛችንን ታቅፈን ስናለቅስ ጎረቤታችን ታሚት መጣች። ያችን ግብጻዊት ታስታውሳታለህ፣ ዳክዬዎቿን የምታባርርባትን። ትልቁ ልጇ በዚያው ሌሊት ሞቶ ቤቷ ተጋድሟል። ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ እማዬ መዳፍ ላይ አኖረችና፣

«ሖግላ፣ ተነሺ። የእኔ ልጅ ከእንግዲህ አይመጣም። ያንቺ ከመጣ በሬ ክፍት ነው። አብልቼ፣ መንገዱን አሳይቼ እሰድልሻለሁ» አለቻት።

ሁለቱ ተቃቅፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ከዚያ እማዬ ተነሣች።

ባሕሩ እንዴት እንደተከፈለልን አባባ ይንገሩህ፤ እሱን ሲያወሩ ያምርባቸዋል። ከተሻገርን በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ከበሮ አንሥተው ሲዘፍኑ እማዬ ከበሮዋን ከጓዙ አላወጣችም። ወደ ኋላ ወደ ውኃው ብቻ ታያለች። በመንገዱም ሁሉ እንደዚያው ነበረች።

እዚህ ኤሊም ከሰፈርን በኋላ ዔፌር የሚባለው ምድያማዊ ነጋዴ ጨው ይዞ መጣ። እማዬ እየገዛችው ሳለ «ከሰዎቻችሁ አንዱ እኮ ድንኳኔ ውስጥ ተኝቷል» አላት። «የሰማያዊው ድንጋይ ጉድጓድ ጠባቂዎች ሲሸሹ፣ እግሩ ተሰብሮ ስለነበር ጥለውት ሄዱ።»

«መልኩ ምን ይመስላል?» አለችው።

«መልኩን እንጃ እማማ፣ ጢም ውጦታል። ብቻ ቀልድ ሲያወራ ሳይጨርሰው ራሱ ይስቃል። ሚስቴን አደንቁሯታል።»

«የእኔ ነው!»

«እናቴ ሖግላ ትባላለች፣ ቂጣ ታሳርራለች ይላል።»

«አሳርራለሁ? እኔ? ቆይ ያግኘኝ!» አለችና እዚያው ጨው መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? ከበሮዋን ከጓዝ ውስጥ ጎትታ አውጥታ፣ ሌሎቹ ባሕሩ ዳር የዘፈኑትን በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ዘፈነችው። ሰዉ «ምን ነካት?» ብሎ ተሰበሰበ። ነገሩን ሲሰማ አብሯት ጨፈረ። ፍልጢ፣ ለአንተ ሰፈሩ ሁሉ ጨፍሯል።

አባባ በዚያ ጭፈራ መሐል «እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ» አሉ።

እማዬ «አንተ? ለውኃ እንኳ ቲርጻን አስከትለህ አይደል የምትሄደው?» ስትላቸው፣

«ለፈርዖን ጡብ የተሸከመ ትከሻ ልጄን ያቅተዋል?» ብለው አህያውን ሊያዘጋጁ ሄዱ። ያን ቀን ሙሉ ስለ ምንም ነገር አላማረሩም፤ ታመው ይሆን ብለን ፈርተን ነበር።

እንግዲህ በአህያው ላይ አንተ ተቀመጥ። ደክሞኛል አይሉምና፣ ሲያነክሱ ካየሃቸው አንተ እረፍት ፈልገህ እንደሆነ አስመስለህ አስቁማቸው።

እማዬ ከፍየል ጠጉር የሠራችውን ካባ ላስታመመችህ ለዔፌር ሚስት ልካለች፤ እጇን ሳምልኝ ብላለች። ቲርጻ «ቁመቴ ማሕላን ደርሷል በይው» ትልሃለች፤ ውሸቷን ነው። አጎታችን አሒኤዘር፣ ሚስቱና አዲስ የተወለደችው ሕፃን ሰላም ብለውሃል። ሕፃኗ የተወለደችው ከባሕሩ ወዲህ ነው፤ ጌታ የሚባል ሰው አታውቅም።

ከመድረሳችሁ በፊት ተነሥተን ከሆነ አትደንግጡ። ቀን የሚመራንን ደመና፣ ማታ የሚያበራልንን እሳት እያያችሁ ኑ። ከሩቅ ይታያል።

ናፋቂ እህትህ ማሕላ
ኤሊም፣ ከተምሮቹ ሥር
በወጣን በሁለተኛው ወር መባቻ